ከሱስ የወጣ ሰው ወዴት ይግባ?

«እገሌ እኮ ተወ!» ሲባል ሁላችንም ደስ ይለናል። «ጎበዝ! ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» እንላለን፤ ትከሻውን መታ መታ አድርገን «በርታ» እንለዋለን። ከዚያ በኋላ እኛ ወደየጉዳያችን እንሄዳለን፤ የተወውም ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለ መተው ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተሰብኳል። ስለዚያ ቤት ግን፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ስላለው ጸጥታ፣ የሚናገር ጥቂት ነው። ይህች ጽሑፍ ስለዚያ ጸጥታ ናት።

ቋንቋችን ራሱ አንድ ነገር ይጠቁመናል። ሰው ሱስ ውስጥ «ገባ» እንላለን፤ ከሱስ «ወጣ» እንላለን። ሱስን እንደ ቤት ነው የምናየው ማለት ነው። እውነትም ቤት ነው፤ ሰዓት አለው፣ የሚጠብቁ ሰዎች አሉት፣ የራሱ ቋንቋ አለው። እንግዲህ ከአንድ ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት ያልገባ ሰው ምን ይባላል? ደጅ አዳሪ ነው የሚባለው። ለመሆኑ «ውጣ፣ ውጣ» ስንለው የኖርነውን ሰው የማስገባት ግዴታ አለብን? ካለብንስ ወዴት እናስገባው?

* * *

እኛ ማለት ከዱርቤቴ ወጥተን ለትምህርት ባሕር ዳር የመጣን ጓደኛሞች ነን። ዱርቤቴ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊና በወተት አባይ አድርጎ ወደ ዳንግላ የሚሄድ መኪና ሁሉ በሷ በኩል ያልፋል። አገሩ የበቆሎና የዳጉሳ አገር ነው። ዳጉሳው እንጀራ ይሆናል፤ ጠላ ይሆናል፤ አረቄም ይሆናል። ስለዚህ ከመካከላችን «መጠጥ ምን እንደሆነ ሳላውቅ አደግሁ» ብሎ የሚምል የለም። ጫቱ ግን የልጅነታችን ነገር አልነበረም። እሱን ያገኘነው እዚህ፣ ጣና ዳር ነው፤ በባሕር ዳር ዙሪያ ገበሬው ውኃ እያጠጣ የሚያለማው ጫት በየቀኑ ከተማ ይገባል።

ከመካከላችን አንዱ በመጀመሪያው ዓመት የፈተና ሰሞን ጀመረ። ስሙን አንጠራም፤ ስሙ የራሱ ነውና። ደግሞም ብቻውን አልጀመረም፤ እኛም አብረን ነበርን። «ለንባብ ይረዳል» ተባለ። መጀመሪያ ለማንበብ ቃምን፤ ቀጥሎ ለመቃም አነበብን፤ በመጨረሻ ንባቡ ቀርቶ መቃሙ ብቻውን ቀረ።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። በእርጥቡ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል፣ የአምፌታሚን ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር አለ፤ ተለይቶ የታወቀው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ቅጠሉ እየደረቀ ሲሄድ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ጫት ነጋዴ እንዲያ የሚጣደፈው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ እኛን ከካቲኖኑ እኩል የያዘን «ጀባ» የምትባለዋ ቃል ናት። «ጀባ» ማለት «እንካ፣ ተካፈል» ማለት ነው። ከእናቱ ጓዳ በቀጥታ ወደ ዶርም ለገባ ልጅ፣ ማንም በስሙ በማይጠራው ግቢ ውስጥ፣ ጀባ የሚለው ሰው አገኘ ማለት ሰው አገኘ ማለት ነው።

በርጫው ከሰዓት በኋላ ይጀመራል። ምርቃና ሲመጣ ሁሉም ፈላስፋ ነው፤ ሁሉም አገር መሪ ነው። ማታ ደግሞ ያን ምርቃና የሚሰብር ጨብሲ ያስፈልጋል፤ የኛ ጨብሲ አረቄ ነበር። እኛ እየገባን እየወጣን ቀጠልን። እሱ ግን ገብቶ ቀረ። ይህ የሆነው እኛ ከሱ የተሻልን ጎበዞች ስለሆንን አይደለም፤ አንዱ ሰው በሚሰናከልበት ድንጋይ ሌላው ዘሎት ያልፋል፤ ድንጋዩ ግን ያው አንድ ድንጋይ ነው። በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ዱርቤቴ ተመለሰ።

ቤተሰቦቹ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ደግ አደረጉ። ዕለት ዕለት አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ቀን እርግፍ ሲያደርገው ሊንቀጠቀጥና ሊቃዥ፣ ኅሊናውን ሊስት፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። ይህ የእልህ ጉዳይ አይደለም፤ የሐኪም ጉዳይ ነው። ከሐኪም ሲመለስ ጸበል ገባ። ወጣም። ተወም። እኛም እዚህ ሆነን ወሬውን ሰማንና «ጎበዝ!» አልን።

* * *

ልንጠይቀው የሄድነው አራት ወር ሲሞላው ነው። ልብ በሉ፤ አራት ወር። መንገዱ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም።

ፊቱ ሞልቷል፤ ዓይኑ ጠርቷል። እናቱ ደስ ብሏቸው ቡና አፈሉልን፤ ቆሎ አቀረቡልን። ብቻችንን ስንቀር «እንዴት ነው ሐራራው?» አልነው። ሳቀ።

«ሐራራውማ ቀለለ። ዱካኩም ለቀቀኝ፤ ሌሊቱን እተኛለሁ። የከበደኝ ከሰዓት በኋላው ነው።»

«እንዴት ማለት?»

«ስምንት ሰዓት ይሆናላ! ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ምን ይደረጋል? ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ሰዓት ሥራ ነበረው፤ ሰው ነበረው። አሁን ሰዓቱ አለ፤ ሰው የለውም። መንገድ ዳር እወጣና መኪና እቆጥራለሁ። የዳንግላውን፣ የባሕር ዳሩን፣ ወደ ቁንዝላ የሚታጠፈውን። ሲመሽ እገባለሁ።»

እኛ የመጣነው ስለ ጫትና ስለ አረቄ ልናወራ ነበር። እሱ የነገረን ስለ ሰዓት ነው። ሱስ የሚሰጠን ስካርና ምርቃና ብቻ አይደለም ለካ። ቀኑን ቆርጦ ይሰጠናል፤ «በዚህ ሰዓት እዚህ ሁን፣ እነእገሌ ይጠብቁሃል» ይለናል። መተው ማለት እንግዲህ አንድን ቅጠል መተው ብቻ አይደለም፤ ከቀን ውስጥ አራት ሰዓት ባዶ ሆኖ ሲቀር ማየት ነው።

ብቻ መሆንና ብቸኝነት አንድ አይደሉም። በጣና ደሴቶች፣ በክብራንም በዳጋም፣ የሚኖሩትን መነኮሳት ተመልከቱ። ከዓለም ተለይተዋል፤ ነገር ግን ሰዓታቸው ስም አለው፤ ይህ የጸሎት፣ ይህ የሥራ፣ ይህ የማዕድ ይባላል። አንዱ ከቦታው ቢጎድል የጎደለው ይታወቃል። የዱርቤቴው ወዳጃችን ግን በሰው መካከል ነው፤ ገበያው፣ መንገዱ፣ ዘመዱ ሁሉ አለ። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ቢጠፋ ግን የጎደለበት ቦታ የለም። ብቸኝነት ማለት ሰው ማጣት ሳይሆን ቢጎድሉ የሚታወቅበትን ቦታ ማጣት ነው ብንል አንሳሳትም።

* * *

ያን ዕለት ብዙ አወጋን። ሦስቱን ብቻ እናንሣ።

አንደኛው የእናቱ ነገር ነው። «እናቴ ነፍሷን ትሰጠኛለች» አለ። «ገበያ ስትሄድ ግን ሣጥኑን ቆልፋ፣ ቁልፉን በመቀነቷ ቋጥራ ነው የምትሄድ። ልክ ናት፤ ሁለት ጊዜ ሰርቄያታለሁ። ግን ቁልፉ ቀጭ ሲል በሰማሁ ቁጥር እንደገና ያኔ የነበርኩትን ሰው እሆናለሁ።» እናቲቱን ማን ይወቅሳል? ልጁንስ ቢከፋው ማን ይፈርድበታል? ሱስ ከሰው የሚወስደው ገንዘብ ተሠርቶ ይመለሳል፤ የሚወስደው እምነት ግን እንደ ባሕር ዛፍ ችግኝ ተተክሎ በዓመታት ነው የሚያድገው። እስኪያድግ ድረስ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ እየተዋደዱ፣ ለየብቻቸው ይኖራሉ።

ሁለተኛው የማኅበሩ ነገር ነው። አባቱ ማኅበርተኛ ናቸውና ተራቸው ደርሶ ቤታቸው ተደገሰ። ጠላው መቀዳት ሲጀምር አንድ ሽማግሌ «ለሱ እንዳትቀጂ፣ ልጄ» አሏት ቀጂዋን። በደግነት ነው ያሉት። እሷም አለፈችው። ቤት ሙሉ ሰው ዞሮ አየው። ሰው ሁሉ ዋንጫውን ይዞ እሱ ባዶ እጁን ይዞ ተቀመጠ። የማኅበሩ ስም እኮ ራሱ የጽዋ ማኅበር ነው። ጽዋው ያለፈው ሰው ማኅበሩም ያለፈው ቢመስለው ምን ይደንቃል?

ጠላን ለማውገዝ አይደለም ይህን የምናነሣው። የዘጌ ሰዎች እንደሚያወሩት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ከአቡነ በትረ ማርያም በትር የበቀሉ ናቸው። ጌሾውም ከበረከት ተቆጥሯል ማለት ነው። ሠርጉ፣ ተዝካሩ፣ ደቦው፣ እርቁ ሁሉ በጠላ ነው፤ ነገ በአዋጅ ይቅር ብንል የሚሰማን የለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ አንድ ሰው ጽዋውን ሳይጠጣ በጽዋው ዙሪያ መቀመጥ ይችላል ወይ?

ይችላል። ይህንም የነገረን ራሱ ነው። በሌላ ቀን በሌላ ቤት አንዲት ባልቴት ብርዝ በጥብጠው፣ ጠላው በሚቀዳበት በዚያው ዓይነት ዋንጫ ለሕፃናቱም ለሱም ለሁለት ሽማግሌዎችም ሰጡ። አልተናገሩም፤ አላዘኑለትም፤ «አይዞህ» እንኳ አላሉም። «ያንለት» አለን፣ «ማንም ዞሮ አላየኝም።» በዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት ስለ ሥነ ምግባር ተማርን፤ የኒያን ባልቴት ያህል የገባው ግን ከመካከላችን አልተገኘም። የሰውን ክብር ጠብቆ መርዳት ማለት አንዳንዴ ማርና ውኃ መበጥበጥ ነው።

ሦስተኛው የፍቅር ነገር ነው። እዚህ ባሕር ዳር አንዲት ልጅ ነበረችው። በመጠጡ ሰዓት ትታው ሄዳለች፤ መሄዷም ልክ ነበር፤ እሱም ያምናል። «አሁን ልደውልላት እልና ስልኩን አነሣለሁ» አለ። «ከዚያ ራሴን እጠይቃለሁ። የምደውለው ለሷ ብዬ ነው ወይስ ለስምንት ሰዓት ብዬ?»

ይህ ጥያቄ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጥብናል። የጎደለን ሰዓት ለመሙላት ሰውን መያዝ ይቻላል፤ ሰውን እንደ ቅጠል መጠቀም ይቻላል። ልጅቷ የሱ መድኃኒት እንድትሆን አልተወለደችም፤ የራሷ ከሰዓት በኋላ አላት። በውጭ አገር ከመጠጥ በሚወጡ ሰዎች መካከል «በመጀመሪያው ዓመት አዲስ ፍቅር አትጀምር» የሚል የተለመደ ምክር አለ። ጨካኝ ምክር ይመስላል። ግን በሁለት እግሩ ያልቆመ ሰው የሚይዘው ነገር ሁሉ ምርኩዝ ነው፤ ምርኩዝ ሆኖ መኖር ደግሞ ለማንም ሰው ፍቅር አይደለም። ወዳጃችን ስልኩን መልሶ አስቀመጠው። ይህን ሲነግረን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

* * *

አሁን ወደማንወደው ክፍል ደረስን።

ከዚያ ጉብኝት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ስለ ትምህርቱ መመለስ ሊጠይቅ ባሕር ዳር መጣ። ጉዳዩን ሲፈጽም መሸበት። ወዴት ይሂድ? በዚህ ከተማ የሚያውቀው ሰው ሁሉ እኛ ነን። ወደ እኛ መጣ። እኛ ደግሞ በርጫ ላይ ነበርን። በሩ ላይ ቆመ። ከመካከላችን አንዱ እየሳቀ «ጀባ!» አለው። ማን እንዳለው እናውቃለን፤ ግን ሁላችንም ስለሳቅን ሁላችንም ብለናል። እሱም ሳቀ። ተቀመጠ። ለአንድ ሰዓት ያህል እጁን አልዘረጋም። ከዚያ ዘረጋ።

ሁለት ሳምንት ቆየ። ከዚያ በታክሲም በምንም ብሎ ዱርቤቴ ገባ፤ አባቱ ተቀበሉት። እኛስ ምን አልን? «ድሮም አልተወም ነበር» አልን።

ይህች ዓረፍተ ነገር ምን ዓይነት ሳሙና እንደሆነች በኋላ ነው የገባን። እጅ ታጥባለች። አራት ወር ሙሉ መኪና እየቆጠረ የታገለውን ሰው ትግሉ እንዳልነበረ ታደርገዋለች። እኛም በሩን ከፍተን፣ ቅጠሉን ዘርግተን፣ ስቀን ያስቀመጥነው እንዳንሆን ታደርገናለች።

* * *

በሱስ ነገር ሁለት ወገን ሲከራከር እንሰማለን። አንደኛው «የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ማን አፉ ውስጥ ከተተበት? ራሱ ያመጣውን ራሱ ይወጣው» ይላል። ሁለተኛው «የለም፤ ግለሰቡን አትውቀሱ፤ ሥራ ማጣቱ፣ ተስፋ ማጣቱ፣ የኅብረተሰቡ ቅራኔ ነው የጣለው» ይላል። እኛ ተማሪዎች ሁለተኛውን እንወዳለን፤ ሲናገሩት ያምራልና። ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ነገር ግን ሁለቱም እኛን ነፃ ያወጡናል። የመጀመሪያው ሸክሙን በሱ ላይ ይጥላል። ሁለተኛው በሁሉም ላይ ይጥላል፤ በሁሉም ላይ ማለት ደግሞ በማንም ላይ ማለት ነው። «እሱ» በሚባለውና «ኅብረተሰብ» በሚባለው መካከል የቆሙ አምስት ሰዎች ግን አሉ። ስማቸው «እኛ» ይባላል። የዚያን ምሽት በሩን የከፈተው ኅብረተሰብ አይደለም። እኛ ነን።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በቬትናም ጦርነት ሄሮይን የለመዱ የአሜሪካ ወታደሮች ብዙ ነበሩ። ሊ ሮቢንስ የተባሉት ተመራማሪ ወታደሮቹ አገራቸው ከገቡ በኋላ ተከታትለው ሲያጠኑ፣ ሱሰኛ ከነበሩት ውስጥ አብዛኞቹ ወደ ሱሱ እንዳልተመለሱ አገኙ። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጫካውን፣ ጓዱን፣ ፍርሃቱንና ሻጩን ሁሉ እዚያው ትተውት መጥተዋል። የኛ ሰው ግን ትቶት የሚሄደው አገር የለውም። ቬትናሙ ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ዲግሪውን የሚቀበለውም እዚያው ቬትናም ውስጥ ነው። ቦታውን መለወጥ ካልቻለ በቦታው ያለነው ሰዎች ካልተለወጥን ምን ተስፋ አለው?

ሌላ ታሪክ እንጨምር። በ1935 እ.ኤ.አ. ቢል ዊልሰን የተባለ፣ ከመጠጥ ከወጣ ጥቂት ወራት የሆነው ሰው ለንግድ ሥራ አክሮን ወደምትባል የአሜሪካ ከተማ ሄደ። ሥራው ተበላሸበት። ብቻውን በሆቴሉ አዳራሽ ቆሞ ሳለ ከወዲያ በኩል የመጠጥ ቤቱ ሳቅና ጫጫታ ይሰማዋል። ወደዚያ ሊገባ ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚያ ይልቅ ስልክ አንሥቶ ለማያውቃቸው ሰዎች መደወል ጀመረ። የፈለገው የሚመክረውን ሰው አይደለም፤ እንደሱ የመጠጥ ሱስ የያዘውን፣ እሱ ሊረዳው የሚችለውን ሰው ነው። በመጨረሻ ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባሉ ሐኪም ጋር ተገናኙ። ዛሬ በብዙ አገሮች ያለው የአልኮል ሱሰኞች የእርስ በርስ መረዳጃ ማኅበር የተጀመረው ከዚያ ንግግር ነው። እኛን የሚገርመን ይህ ነው፤ ሰውየው የዳነው ተረድቶ ብቻ ሳይሆን ረድቶ ነው። ብቸኛ ሰው የሚያስፈልገው የሚያዝንለት ብቻ አይደለም፤ እሱን የሚፈልግም ሰው ነው።

አርስጣጣሊስ ወዳጅነትን በሦስት ይከፍላል፤ ለጥቅም የሆነ፣ ለደስታ የሆነ፣ ለሰውየው መልካምነት የሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥቅሙ ወይም ደስታው ሲያልቅ አብረው ያልቃሉ። በዚህ መለኪያ የበርጫ ወዳጅነት ሁሉ ከንቱ ነው ሊባል ነው። እኛ ግን ይህን እንዳለ አንቀበልም። ከመካከላችን የአንዱ አባት ሲሞቱ የመሳፈሪያው ገንዘብ የተዋጣው በርጫ ላይ ነው። ልቅሶውን የተቀመጥነው አብረን ነው። ውሸት አልነበረም። እንግዲህ የኛ መለኪያ ሌላ ይሁን፤ ይህ ወዳጅነት ቦታ መቀየር ይችላል? ከምንጣፉ ላይ ተነሥቶ፣ ቅጠሉን እዚያው ትቶ፣ ሐይቅ ዳር መቀመጥ ይችላል? ከቻለ ወዳጅነት ነው። ካልቻለ ግን ወዳጅነታችን ከቅጠሉ ጋር እንጂ እርስ በርሳችን አልነበረም።

* * *

«እንግዲህ እሱ ስለወደቀ እኛ ሁላችን እንተው?» የሚል ይኖራል። ቢተው ይሻለዋል፤ ግን እኛ የምንጠይቀው ያን አይደለም። የምንጠይቀው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቅጠል የሌለበት አንድ ክፍል፣ አረቄ የሌለበት አንድ ምሽት። ይህን ያህል መስጠት ያቃተው ሰው ደግሞ «እኔ ሱሰኛ አይደለሁም» ከማለቱ በፊት ቆም ብሎ ያስብ።

«የለም፤ እሱ ጭራሽ ከናንተ ጋር መቆራረጥ ነው ያለበት» የሚልም ይኖራል። ልክ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ቢወስን መብቱ ነው። እኛ ያን ጊዜ «ኮራብን»፣ «ረሳን» ማለት አንችልም። አንዳንዴ ለወዳጅ የሚደረገው ትልቁ ነገር ያለ ቅሬታ መተውን መቀበል ነው። በመንገድ ሲያገኘን ሰላምታ ሰጥቶ ቢያልፍ፣ እኛም ሰላምታውን ተቀብለን እንለፍ።

እሱም ግዴታ የለበትም አንልም። ሕመም ዕዳን አይሰርዝም። የሰረቀውን መመለስ፣ የበደላትን ይቅርታ መጠየቅ፣ የእናቱን ቁልፍ ለጊዜው መታገሥ የሱ ድርሻ ነው። ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ሊወድቅ ሲል መደወል የሱ ድርሻ ነው። ደግሞም አንድ ቀን ጸንቶ ሲቆም በሌላው ላይ ሰባኪ ሆኖ አለመነሣት የሱ ድርሻ ነው። የተወ ሰው ያልተወውን ሲንቅ አዲስ ብቸኝነት ይገዛል።

መንግሥትም የራሱ ድርሻ አለው። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ መቆየቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የመጠጥን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ከልክሏል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥንም አግዷል። ጥሩ ነው። ነገር ግን አዋጅ ማስታወቂያውን ይዘጋል እንጂ ለአንድ ሰው በር አይከፍትም። በር የሚከፍት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ነው።

* * *

ወዳጃችን እንደገና ጀምሯል። ከሁለተኛው መተው ስድስት ወር ሆኖታል። ዱርቤቴ ውስጥ የሠፈሩን የ12ኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ያስጠናል። ስንት ሰዓት ላይ ቢሉ፣ ከስምንት ጀምሮ። «ልጆቹ እስኪመጡ መንገድ ዳር መውጣቴ አልቀረም» አለን በስልክ። «መኪናውንም እቆጥራለሁ። ግን አሁን የምቆጥረው እየጠበቅሁ ነው።»

በመጪው ሴሚስተር ወደ ግቢ ይመለሳል። ስለዚህ እኛ አንድ ነገር ተስማማን፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ሐይቁ ዳር፣ ከቡና ያለፈ ነገር ሳይኖር፣ እንገናኝ። እሱ ከመምጣቱ በፊት እኛ እንልመደው ብለን ሦስት ቅዳሜ ሞከርነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ለመናገር ያሳፍራል። ቡናው ቀረበ፤ ጠጣነው፤ ዝም አልን። አንዱ ስለ ፈተና አነሣ፤ ተወው። ታንኳ እያየን ተቀመጥን። ሁለት ዓመት ተኩል «አገር እንለውጣለን» እያልን ስንተነትን የኖርን ሰዎች፣ ያለ ምርቃና አንድ ሰዓት ማውራት አቃተን። ብቸኛው እሱ ብቻ እንዳልነበረ ያወቅነው ያንለት ነው። እሱ ባዶውን ሰዓት ብቻውን ተጋፈጠው፤ እኛ ግን እስካሁን ስንሸሸው ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ ትንሽ አወራን። በሦስተኛው አንዱ ስለ አባቱ ሞት፣ በበርጫ ላይ ያልነገረንን ነገረን። መሽቶብን ተነሣን።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንቺም የምታውቁት አንድ የተወ ሰው ይኖራል። «በርታ» ብላችሁታል። እስቲ ዛሬ ደግሞ «ከሰዓት በኋላ የት ትውላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ሰምታችሁ ዝም አትበሉ።

እኛ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት እዚያው ነን። የቡናውን ሒሳብ የሚከፍለው ያረፈደ ነው።